አምስት ሜትር ወደ ምሥራቅ

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን
ከቢሮ፣ በምሳ ሰዓት

ለምናፍቅህ ለባለቤቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ወግ ነው። እኔና አንተ ወግ ላይ እስከዚህም ነን፤ ስልክ ስደውልልህ እንኳን «ደህና ነህ?» ብዬ መልሱን ሳልሰማ ነው ወደ ቁጥሩ የምገባው። ዛሬ የምጠይቅህ ግን የምሬን ነው። እንዴት ነህ? መልሱን ከአንተ አፍ ብሰማው ደስ ባለኝ ነበር። አንተ ዝም ስላልክ ግን፣ «ችኮ» ብለህ እንዳወጣህልኝ ስም፣ ቆፍሬ ቆፍሬ ራሴ አገኘሁት።

የምጽፍልህ በትልቁ የንድፍ ወረቀት ላይ፣ ካርቶን ላይ በምንጽፍበት ወፍራም እስክሪብቶ ነው። አንዱ ወረቀት ጥቂት መስመር ይዞ ይሞላል። ጸሐፊያችን በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ሰላማዊ ሰልፍ ልትወጪ ነው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። ለምን እንደሆነ ስደርስበት እነግርሃለሁ፤ አንተ ግን ሳልነግርህም ሳይገባህ አልቀረም።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገርህ። ሰኞ ጠዋት ለኃላፊያችን ሪፖርት አስገባለሁ። የሳተላይታችን የሌዘር ብርሃን መሬት ላይ የሚያርፍበት ቦታ አምስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ስቷል፤ ወይም የሳተ መስሏል። ሪፖርቱ ላይ ከሁለት አንዱን መጻፍ አለብኝ፦ የሳተችው ሳተላይቷ ናት፣ ወይም የሳትከው አንተ ነህ። ከዚያ በፊት ይህ ደብዳቤ እጅህ እንዲገባ ብዬ ነው ምሳዬን የተውኩት።

ቤቱ እንዳለ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ስትሄድ ሌላ ሰው እንዳታስነኪው፣ ስመለስ እኔ እሠራዋለሁ ስላልክ፣ ከሥሩ ባልዲ ደቅኜ ይኸው አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃውን አበቦቹ ላይ እደፋዋለሁ፤ እነሱማ ባይሠራ ይመርጣሉ። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ባልሽ መጣ ወይ አትለኝም፣ ቧንቧው ተሠራ ወይ ነው የምትለኝ። ጫማ ማስቀመጫው ላይ ያንተ ቦታ ክፍት ነው። አንድ ቀን ጃንጥላዬን እዚያ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ከሥራ ስመለስ አየሁትና ወዲያው አነሳሁት።

ልጃችን ደህና ናት። ትንሿ የልጅ ልጃችን መሄድ ጀምራለች፤ ሦስት እርምጃ ትሄድና ማንም ሳይነካት ቁጭ ትላለች፣ ከዚያ እኛ የገፋናት ይመስል ትቆጣናለች። ባለፈው ወር በቪዲዮ ስንደዋወል «እንዴት አማረችብኝ፣ ቢጫ ያምርባታል» አልክ። ልጃችን ከት ብላ ሳቀች። ቢጫው የሶፋው ትራስ ነበር፤ ሕፃኗ ከስክሪኑ ወጥታ ኩሽና ገብታ ነበር። ልጃችን አባዬ ዛሬም ቀልዱን አልተወም አለችኝ፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያን ቀን መሳቄን ሳስበው አሁን ያመኛል።

ወደ ሥራው ልመለስ። የምታውቀውን ላስተምርህ አይደለም፤ በተርታ ካላስቀመጥኩት ግን ራሴም እሳታለሁ። አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ወደ መሬት ብርሃን የምትልክ መሣሪያ ወዴት እንዳነጣጠረች እንጂ ብርሃኗ የት እንዳረፈ አታውቅም። አንዷን ዲግሪ ለሦስት ሺህ ስድስት መቶ ከፍለን፣ ማነጣጠሪያዋ በአንዷ ክፍል ብቻ ፈቀቅ ቢል፣ ታች ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ትስታለች። ለዚህ ደግሞ ከጥላ ወደ ፀሐይ ስትወጣ ብረቷ ትንሽ ሞቆ መለጠጡ ይበቃል። ስለዚህ መሬት ላይ ቆሞ «ያረፍሽው እዚህ ነው» የሚላት ሰው ያስፈልጋል። እሱ አንተ ነህ፤ አንተና ባዶው ሜዳ ላይ በረድፍ የተከልካቸው ሃያ አራት ምሰሶዎች፣ በየጫፋቸውም ብርሃንን ወደመጣበት የሚመልሱት ትንንሽ መስታወቶች። የምሰሶዎቹን ቁመት አንዱ ካንዱ እንዳይገጥም አድርገህ የቆረጥከው አንተ ነህ። ብርሃኑ ሲመለስ የትኛው ምሰሶ እንደመለሰው በቁመቱ እንለየዋለን።

ይህን ደግሞ ነግሬህ አላውቅም። በየስምንት ቀኑ በላይህ ስታልፍ ሰዓቷን እስከ ሰኮንዱ አውቀዋለሁ። ቀድሜ ስክሪኑ ፊት እቀመጣለሁ። ከመሬቱ መስመር ትንሽ ከፍ ብላ አንዲት ነጥብ ብቅ ትላለች፤ ያንተ መስታወት ናት፣ ጠዋት በጨርቅ ወልውለሃታል ማለት ነው። ሌላው ሰው ነጥቧን መዝግቦ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬም ተነሥቷል፣ ዛሬም ደህና ነው እላለሁ። ደመና ሆኖ ነጥቧ ሳትታይ በቀረች ሳምንት ከሰው ጋር እጣላለሁ፤ ጸሐፊያችንን ጠይቃት።

ኅዳር ላይ ያ ንፋስ ረድፉን ጣለው። በአሥር ቀን መልሰህ አቆምከው፣ ከመነሻ ድንጋዩ ወደ ምሥራቅ እስከ መጀመሪያው ምሰሶ ያለውን እንደገና ለካህ፣ ቅጹን ሞልተህ ፈርመህ ላክህልኝ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቷ በሜዳው ላይ ባለፈች ቁጥር አምስት ሜትር ወደ ምሥራቅ ሳተች። ሁልጊዜም አምስት፣ ሁልጊዜም ወደ ምሥራቅ።

ኃላፊያችን ብዙም አልተጨነቀም። ወቅቱ ተለውጧል፣ ፀሐይ በሌላ ጎኗ ነው የምታገኛት፣ ብረቷ ተጣሞ ነው አለ። የማስተካከያው ትእዛዝ ተዘጋጅቷል፤ ሰኞ ሪፖርቴን ሳስገባ ይላክላትና አምስት ሜትር ወደ ምዕራብ ፊቷን ታዞራለች። ስብሰባው ላይ አንድ ሰው የምሰሶዎቹስ ልክ ብሎ ሲጠይቅ፣ ኃላፊው ወረቀቱን እንኳን ሳያነሣ «ንስሩ አይሳሳትም» አለ። ንስሩ አሁንም አንተ ነህ። ከመቶ እርምጃ ላይ የቆመ የመለኪያ ዘንግ በባዶ ዓይንህ ታነብ የነበረበትን ጊዜ ዛሬም ያወሩታል፣ በየዓመቱም ርቀቱን ይጨምሩበታል። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ብቻ አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ባሕር ላይ ልፈትናት አልኩ። ባሕር ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ እንድትወዛወዝ ትታዘዛለች፣ ብርሃኗም ውሃው ላይ ክብ እየሠራ ይሄዳል። ውሃው ለጥ ያለ ስለሆነ፣ ማነጣጠሯ ልክ ከሆነ ርቀቱ በክቡ ዙሪያ ሁሉ እኩል ነው፤ ከሳተ ባንዱ ጎን ይረዝማል፣ ባንዱ ያጥራል። ስድስት ጊዜ አዞርናት። ስድስቱንም ጊዜ እኩል መጣ። ግማሽ ሜትር እንኳን አልሳተችም።

ሁለት ቀን ሙሉ ስሌቴ ውስጥ የራሴን ስሕተት ስፈልግ ከረምኩ። ያንተን ለመፈለግ እጄ እሺ አላለኝም። ማክሰኞ ግን መዝገብ ቤት ወርጄ፣ ሜዳው ከተከፈተ ጀምሮ ያሉትን ሰባቱንም የመስክ ደብተሮችህን አወጣሁ። ምሰሶዎቹ የሚቆሙት ሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ንፋሱ ምሰሶ ጣለ እንጂ ጉድጓድ አላንቀሳቀሰም። በሰባቱም ደብተሮች ላይ ከድንጋዩ እስከ መጀመሪያው ጉድጓድ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሜትር ነው። በኅዳሩ ቅጽ ላይ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሽርፍራፊ ያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የድሮውን ቁጥር ገልብጦ ይገላገል ነበር። አንተ ግን የድሮ ቁጥር መገልበጥ ስርቆት ነው ባይ ነህ። በሐቅ እንደገና ለክተሃል፤ መሣሪያው 3 አሳይቶሃል፣ አንተ 8 ብለህ አንብበኸዋል።

ያን ጊዜ ደብተሮቹን አንዱን ካንዱ ጎን ዘረጋኋቸው። አሁን ልኩን ትቼ የእጅ ጽሑፍህን ነበር የማየው። የመጀመሪያው ላይ ቁጥሮችህ ጉንዳን ያክላሉ። አራተኛው ላይ ሣጥናቸውን ሞልተዋል። የመጨረሻው ላይ ከሣጥኑ ወጥተዋል፤ አንድ ገጽ ላይ መስመሩ ቁልቁል ወርዷል፣ ሁለት ቦታ ላይ በቁጥር ላይ ቁጥር ጽፈሃል። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። ትራሱ። የጻፍኩልህን ሦስት ረጃጅም መልእክት ትተህ «ደውይልኝ» ብቻ ማለትህ። የመስኩ ምግብ አብሳያችሁ ስለ አንተ «ጋሼ መጽሐፍ ትተዋል፣ ሬዲዮ ብቻ ሆኗል ሥራቸው» ያለኝ። እኔ ግን አኩርፈኸኝ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው መልእክት ናፍቆቴን አንድም ሳላስቀር ዘርዝሬልህ፣ በማግሥቱ ስደውል ስለሱ አንድ ቃል ሳትናገር ቁጥሮቹን አንብቢልኝ ስትለኝ፣ በቃ የዚህ ሰው ልብ ከእኔ ወጥቷል ብዬ ስልኩን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ለካ አላነበብከውም። በዚህ ወፍራም እስክሪብቶ የምጽፈው ይህኛውን እንድታነበው ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ትናንት ዝም ልበል ብዬም አስቤያለሁ። የሳተችው ሳተላይቷ ናት ብዬ ብፈርም ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ያንተም ስም እንደተከበረ ይኖራል። አምስት ሜትር ምን አላት አልኩ። ከዚያ ሳተላይቷ በምትለካው የመሬት ከፍታ ተማምነው የወንዝ ሙላት የሚጠብቁት ሰዎች ትዝ አሉኝ፤ ተዳፋት ላይ አምስት ሜትር ወደ ጎን ማለት ውሃው ደጅ ደረሰ ወይስ አልደረሰም የሚለውን የሚለውጥ ነገር ነው። አንተም ትዝ አልከኝ። ለአንተ ብዬ ብዋሽ መጀመሪያ የምትጣላኝ አንተው ነህ።

ስለዚህ ጽፌዋለሁ። ሳተላይቷ ልክ ናት፣ ስሕተቱ የኅዳሩ ቅጽ ላይ ነው ይላል። ቀጥሎ ቅጹን አጣርታ የፈረመችው እኔ ነኝ ይላል፤ ስሜንም ካንተ በፊት አድርጌዋለሁ። አንተን ለመሸፈን ያደረግሁት እንዳይመስልህ። ሁለተኛ ፈራሚ የምትቀመጠው የመጀመሪያውን እንድትጠራጠር ነው። እኔ በእነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ ያንተን ቅጽ አንድ ቀን ከድሮው ጋር አስተያይቼ አላውቅም። ፊርማህን ሳይ ደስ ይለኝና ከሥሩ እፈርማለሁ፤ ከሄድክ ወዲህ ስማችን አንድ ላይ የሚሆነው እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። ከማጣራት ሥራው ያነሡኝ ይሆናል። ያንሡኝ።

ዛሬ ጠዋት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ወረፋዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ መብራቱን ዓይኔ ላይ ልታበራ ስትል፣ የታመመው ዓይን እኔ ጋ የለም አልኳት። የቁጥሮችህን ፎቶ ከዓመተ ምሕረታቸው ጋር ደርድሬ አሳየኋት። እንዲህ ያለ ምርመራ አይቼ አላውቅም ብላ ሳቀች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋን ተወች። ሳላየው ምንም ልልሽ አልችልም አለች። የዓይን ሞራ ከሆነ ተገፍፎለት በማግሥቱ ያያል፤ የዓይን ግፊት ከሆነ ግን የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ለማትረፍ መፍጠን ነው፣ እስካሁንም ዘግይቷል አለችኝ። ለሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ።

አሁን አራት ዓመት ያልነገርኩህን ልንገርህ። የሄድክ ቀን በር ላይ ሻንጣህን ይዘህ ቆመህ ነበር። ልጃችን አግብታ ከወጣች ወር አልሞላትም፤ ቤቱ ጭር ብሎ፣ እኔና አንተ ብቻችንን ስንቀር የምናወራው ጠፍቶን ነበር። ሦስት ወር ብቻ ነው አልክ። ደረጃውን ልትጀምር ስትል ዘወር ብለህ «ልሂድ ወይ?» አልከኝ። እኔም «ካልኩሌተርህን ይዘሃል?» አልኩህ።

አትሂድ ልልህ ነበር። ምላሴ ላይ ነበር። ሦስቱ ወር አልቆ የመስክ ቆይታህ ማራዘሚያ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ፣ ባሏን ከመስክ አስመለሰች እንዳይሉኝ ብዬ ፈረምኩ። ሁለተኛው ሲመጣ፣ መምጣት ቢፈልግ ራሱ በጠየቀ ነበር ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ እልህ ሆነ። ስንቱን ማራዘሚያ እንደፈረምኩ አላውቀውም፤ እያንዳንዱን ስፈርም ግን ይህን ካየ ተናዶ ይደውልልኛል እያልኩ ነበር። አንተም እዚያ ሆነህ ፊርማዬን ስታይ፣ አትምጣ ያለችኝ እሷ ናት እያልክ እንደኖርክ አሁን ነው የገባኝ። ዓይንህ ሲደክም እንኳን የማትነግረኝ ሰው ያደረግሁህ እኔ ነኝ። ናፍቀኸኛል። ቁርስ ላይ ያንን ሁሉ ስታወራ ዳቦው እንጀራ እናትህ የሆነ ይመስል የምትበታትነው ፍርፋሪ እንኳን ናፍቆኛል።

ይህን ደብዳቤ በያዘው መኪና ሁለት የልኬት ሠራተኞች መጥተዋል። ረድፉን እንደገና ይለካሉ፤ ሰዎቹ ደህና ሰዎች ናቸው፣ አታስቸግራቸው። ቁልፉንና ደብተሩን አስረክባቸውና ቅዳሜ በዚያው መኪና ተመለስ። ይህ የቢሮ ትእዛዝ አይደለም። ማራዘሚያህ እስከ ግንቦት ነው፣ እንቢ ብትል ማንም አይነካህም፤ እኔ ግን እለምንሃለሁ። እዚያ ሜዳውን በእርምጃህ ታውቀዋለህ፣ ማንም ሳያውቅብህ መኖር ትችላለህ። እዚህም ትለምደዋለህ። ደረጃው አርባ አንድ ነው፤ የመጨረሻው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ይላል፣ እዚያ ላይ እጅህን እይዝሃለሁ። ሰኞም ሪፖርቱን ይዤ ስገባ አጠገቤ ብትቆም ደስ ይለኛል፤ ካልፈለግህም ቤት ተኝተህ ጠብቀኝ። ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ።

መንገዱን የቀና ያድርግልህ። የቀረችውን ብርሃንህን እስክትመጣ ድረስ ይጠብቅልኝ፣ የሄደችውንም ይመልስልህ። ባይመልሳትም አንተን ይመልስልኝ።

መኪናው ከታች ሞተሩን አስነሥቷል፣ ልወርድ ነው። ጥቅልሉን ለሹፌሩ ስሰጠው በቃል የማስይዘው አለኝ፦ ለእሱ ብቻ ስጠው፣ ማንም እንዳያነብለት። ፊደሉ አሁንም አልታይ ካለው አይጨነቅ፤ ይዞት ይምጣ፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ በለው።

ሚስትህ፣
ችኮ